የልብስ ሰፊው ድንክ አጥር

እናት አባቱ ያወጡለትን ስም ከቤተሰቡ ውጭ የሚያውቅ የለም ማለት ይቻላል። ሰፈሩ አባ ሲባጎ ብሎታል፤ እሱም ሲጠሩት አቤት ይላል። ስሙ ያለምክንያት አልወጣለትም። ሌላው አትክልተኛ መቀሱን አንስቶ በዓይኑ እየገመተ ሲከረክም፣ እሱ መጀመሪያ ሁለት ካስማ ተክሎ ሲባጎ ይወጥራል፤ ጎንበስ ብሎ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ያያል፤ አልጥምህ ሲለው ካስማውን ነቅሎ ግማሽ ጣት ያስጠጋና እንደገና ይተክላል። አንዲት የቤት እመቤት ትዕግሥቷ አልቆ፣ "ቅጠል እኮ ነው የምትቆርጠው፣ ድልድይ አይደል የምትገነባው" ብትለው፣ ቀና ብሎ ሳያያት፣ "ድልድይ ቢሆንማ ቶሎ እጨርስ ነበር" አላት ይባላል። ድልድይ ሲገነባ ቆሞ አይቶ ስለማያውቅ ነው እንዲህ የሚደፍረው።

ሥራው ከሞላ ጎደል ከአንድ ተክል ጋር ነበር። በየግቢው የአበባ መደብ የሚከብበው፣ በየመንገዱ ዳር የሚሰለፈው፣ ከጉልበት ብዙም የማያልፈው፣ ክረምት ከበጋ ለምለም የሆነው ያ ቅጠለ ደቃቃ ቁጥቋጦ። የተማሩት ቦክስውድ ይሉታል፤ አባ ሲባጎ ድንክ ነው የሚለው። ድንክ አይቸኩልም። ዓመት ሙሉ ሲንከባከቡት ከርመው ግማሽ ስንዝር ቢያድግ ነው። ሥሩ ከላይ ከላይ ስለሚሄድ በመቆፈሪያ አይጠጉትም፤ አረሙ በእጅ ይለቀማል። ውሃ ሲበዛበት ይበሰብሳል፣ ሲያንሰው ያኮርፋል። ከውጭ ከውጭ ብቻ ከከረከሙት ውስጡ ጨልሞ ይደርቃል፤ ስለዚህ አልፎ አልፎ እጅን እስከ ክርን አስገብቶ ቅርንጫፍ መቀነስ፣ ብርሃን ማስገባት ያስፈልጋል። "ጠባዩ የአማት ጠባይ ነው" ይላል አባ ሲባጎ፤ አማቱ በሌሉበት ነው ታዲያ።

መቀሱ አንድ ብቻ ነበር። ሙያውን ካስተማረው ሽማግሌ አትክልተኛ የወረሰው ነው፤ ሽማግሌው ሲያስረክበው፣ "ውሃ እንዳታስነካው፣ ብረት የሚሞተው በውሃ ነው" ብሎታል። አባ ሲባጎ ይህን ቃል እንደ ኑዛዜ ያዘው። አንዱን ግቢ ከርክሞ ሲጨርስ ከቆረጠው ቅጠል አንድ እፍኝ ዘግኖ ስለቱን ሙልጭ አድርጎ ይጠርጋል፤ ሌላ እፍኝ ትኩስ ቅጠል ስለቱ ላይ ያለብስና በጨርቅ ጠቅልሎ ያስረዋል። የቅጠሉ ወዝ ብረቱን ከዝገት ይጠብቀዋል። እንደተጠቀለለ ወደሚቀጥለው ግቢ ይዞት ይሄዳል፣ እዚያ ይፈታዋል፣ ይከረክማል፣ በዚያኛው ግቢ ቅጠል እንደገና ያለብሰዋል። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ሠራ። መቀሱም አንድ ቀን ዝጎ አያውቅም፤ በዚህ የሚኮራውን ያህል በልጆቹ መኩራቱን እንጃ።

ከሚሠራባቸው ግቢዎች ሁሉ ግን የኔ የሚለው የልብስ ሰፊውን ነበር።

ልብስ ሰፊው በደህናው ጊዜ ሰው ሙሉ ልብስ ለማሰፋት ወር ተራ የሚጠብቅላቸው ባለሙያ ነበሩ። ስልሳ ሲደፍኑ ዓይናቸው ከዳር ከዳር ይጨልም ጀመር። ሐኪሙ ነገሩን አልሸፋፈነም፤ አምስት ዓመት፣ ቢበዛ ስድስት ዓመት ያያሉ፣ ከዚያ በኋላ ግን ተስፋ የለውም አላቸው። ሚስታቸው ከሞቱ ቆይተዋል። ያላቸው አንዲት ሴት ልጅ ናት፣ እሷም አግብታ የራሷን ቤት ይዛለች። ያን ዕለት ከሐኪም ቤት ሲመለሱ አባ ሲባጎ ጎረቤት ግቢ ውስጥ ሲሠራ አዩትና ጠሩት።

"ያ ድንክ የምትለው ነገር" አሉት፣ "ከዚህ ከደረጃው ሥር ተነስቶ እስከ ውጭው በር የሚደርስ አጥር ለመሆን ስንት ዓመት ይፈጅበታል?"

"እንደ ቁመቱ ነው፣ ጋሼ። ምን ያህል ከፍ እንዲል ነው የፈለጉት?"

"እስከዚህ" አሉና ቀኝ እጃቸውን ዝም ብለው ከጎናቸው ለቀቁት።

አባ ሲባጎ ነገሩ ባይገባውም ሜትሩን አውጥቶ ከመሐል ጣታቸው ጫፍ እስከ መሬት ለካ። አሰበ፣ ከንፈሩን ነከሰ፤ "ስድስት ዓመት" አለ።

"እኔም ያለኝ እሱው ነው" አሉት፤ ከዚያ ነው ሁሉንም ያስረዱት።

አባ ሲባጎ ያን ቀን ሌላ ሥራ አልሠራም። የሰፈሩ አሮጌ ድንክ ካለበት ግቢ ሄዶ ቅርንጫፍ ለምኖ ቆረጠ፣ ችግኙን ራሱ አፈላ፣ ሥር ሲይዝለት አንድ በአንድ አምጥቶ በሲባጎው ልክ ተከለው። ከደረጃው እስከ ውሃ ታንከሩ ሃያ ሁለት እርምጃ፣ ታንከሩ ጋ መታጠፊያ፣ ከመታጠፊያው እስከ በሩ አሥራ ስድስት። ከዚያ በኋላ ውድድር ሆነ፤ የልብስ ሰፊው ዓይን እየወረደ፣ ድንኩ እየወጣ። በሦስተኛው ዓመት ጋዜጣ ማንበብ አቃታቸው፤ ድንኩ ከቁርጭምጭሚት አልፎ ነበር። በአምስተኛው ዓመት የሰው ፊት መለየት አቃታቸው፤ ድንኩ ጉልበታቸው ደረሰ። በዚያን ጊዜ ዓይናቸውን በመሃረብ አስረው በአጥሩ እየተመሩ መሄድ ይለማመዱ ነበር። በስድስተኛው ዓመት መሃረቡ አላስፈለገም፤ ድንኩም እጃቸው ሥር ነበር።

ከዚያ ወዲህ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ ከደረጃው ይወርዳሉ፣ ግራ እጃቸውን ይለቃሉ፣ የጣቶቻቸው ጫፍ ቅጠሉን እየዳሰሰ በሩ ጋ ካለው አግዳሚ ወንበር ይደርሳሉ። ከዘራ አይዙም፣ ሰው አይመራቸውም። ሲመለሱ ቀኝ እጃቸውን ይለቃሉ። ወንበሯ ላይ ሆነው ሰላምታ ይቀበላሉ፣ አላፊ አግዳሚውን በኮቴው ይለያሉ። ሴቶች ያሰፉትን ቀሚስ ይዘው ይመጣሉ፤ እሳቸው ዳስሰው፣ "ክሩ ላልቷል፣ መልሺለት" ይላሉ። ሕይወታቸው ያቺ ወንበር ነበረች።

አባ ሲባጎን ሲቀልዱበት ጉድ ነው። ከርክሞ በጨረሰ ቁጥር ከዳር እስከ ዳር እየዳሰሱ እንደ ስፌት ይፈትሹታል። "እዚህ ጋ ዝምዝማቱ ተንሻፏል፣ አባ ሲባጎ።" "እዚህ ደግሞ አሳጥረሃል፣ ካናቴራ አደረግኸው እንዴ?" ፀሐይ ከረር ሲል ድንኩ የድመት ሽንት የመሰለ ሽታ አለው፤ ያኔ አፍንጫቸውን ይዘው፣ "ይሄን ሁሉ ዓመት ድመት ተክለህልኝ ነው የከረምከው" ይሉታል። እሱም አፉን ሞልቶ ይስቃል። እሳቸውም የማያውቁት አንድ ነገር ነበረው። ሰው ሲያረጅ ይጎብጣል፣ እጁም ወደ መሬት ይጠጋል። አባ ሲባጎ ይህን ስላየ በየሁለት ዓመቱ አጥሩን በአንድ ጣት ዝቅ ያደርገው ነበር። ልብስ ሰፊው መጎበጣቸውን በእጃቸው እንዳያውቁት ብሎ ነው። ለማንም አልተናገረውም።

ልጃቸው የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ ናት፤ ደግ ናት፣ ጭንቀታም ናት። አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የምትኖረው፣ ሕንፃው አሳንሰር የለውም። "አባዬ፣ ብቻህን መኖርህ እንቅልፍ ይነሳኛል" ትላለች፤ እሳቸውም፣ "እኔ ብቻዬን አይደለሁም፣ መንገድ ሙሉ ሰው አለኝ" ይላሉ። ተጨቃጭቀው ተጨቃጭቀው አንድ ነገር ላይ ተስማምተዋል። በራሳቸው እግር ወጥተው በራሳቸው እግር እስከገቡ ድረስ ቤታቸው ይኖራሉ፤ አንድ ቀን ከወደቁ ግን ያለ ምንም ክርክር ወደ እሷ ይገባሉ። ልብስ ሰፊው ቃላቸውን ሰጥተዋል። አባ ሲባጎም አጠገባቸው ቆሞ ሰምቷል።

በአሥራ ሁለተኛው ዓመት ከሰፈሩ ጫፍ አንድ መሐንዲስ አዲስ ቤት ሠርቶ ገባ። ስድስት ዓመት የሚጠብቅ ትዕግሥት አልነበረውምና ያደገ ድንክ ሁለት መቶ ያህል በመኪና አስጭኖ አመጣ። ወፋፍራም፣ የሚያብረቀርቅ ነገር ነው። እንዲንከባከብለት አባ ሲባጎን ቀጠረ። ወር ሳይሞላ አባ ሲባጎ አንዳንዱ ቅጠል ላይ ዳር ዳሩ የጠቆረ ክብ ነጥብ አየ፤ ግንዱ ላይም እንደ ከሰል የጠቆረ መስመር። አንድ ቅርንጫፍ ቆርጦ ችግኝ ጣቢያ ለምትሠራ አንዲት ወጣት ባለሙያ ወስዶ አሳያት። ልጅት ቅርንጫፉን ስታየው ፊቷ ዳመነ።

"አባቴ፣ ይሄ ሻጋታ ነው፤ ድንክን ጠራርጎ የሚጨርስ ሻጋታ" አለችው። "የሚዛመተው በእርጥበትና በመቀስ ነው። ቅጠሉ እርጥብ ሆኖ አይከርክሙ። የረገፈውን ለቅመው ያቃጥሉ። ደግሞ ከአንዱ ግቢ ወደ ሌላው ሲሄዱ መቀስዎን በበረኪና ይጠቡ።"

"እሺ ልጄ፣ እግዜር ይስጥልኝ" አላትና ወጣ። ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ ሲነግራት ግን ሳቀ። "በረኪና ለአንሶላ ነው" አላት። "ገና ወተት ያልጨረሰች ልጅ እኮ ናት። ሠላሳ ዓመት ያልታመመ መቀስ ዛሬ ሊታመም?" መከርከምን በተመለከተም የራሱ እምነት ነበረው፤ ድንክ በጤዛ ሲቆረጥ ነው ጥርት ብሎ የሚቆረጠው፣ ደረቅ ቅጠል ጫፉ ይበላሻል ይላል። በነገራችን ላይ ብዙ አትክልተኛ እንዲህ ይላል፤ ብዙ አትክልተኛም ተሳስቷል።

በዚያው ሳምንት አንድ ካፊያ ያለበት ጠዋት የመሐንዲሱን ግቢ ከረከመ። ሲጨርስ እንደ ልማዱ አንድ እፍኝ ቅጠል ዘግኖ ስለቱን ጠረገ፣ ሌላ እፍኝ አለበሰው፣ ጠቅልሎ አሰረው። ከዚያ ወደ ልብስ ሰፊው ሄደ። ጥቅሉን ፈታ፣ ሲባጎውን ወጠረ፣ ከደረጃው ጀምሮ እስከ በሩ ሠላሳ ስምንቱን እርምጃ ከረከመ። በጥንቃቄ ነው የሠራው። እንዲያውም ልብስ ሰፊው ዳስሰው ሲጨርሱ፣ "ዛሬስ እንከን አላገኘሁም" አሉት፤ እሱም ደስ ብሎት ዋለ።

ሦስት ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ልብስ ሰፊው ከወንበራቸው ሆነው ጠሩት።

"አባ ሲባጎ፣ ታንከሩ ጋ ጨርቁ ሳስቷል" አሉት። "እጄ ክር ክሩን እየነካ ነው። ምን ሆነ?"

ሄዶ አየ። ከመታጠፊያው ወዲህና ወዲያ ቅጠሉ ረግፎ እሥሩ ተዝረክርኳል። በቀረው ላይ ያ ክብ ነጥብ አለ። ግንዱን ገለጥ ቢያደርግ የከሰል መስመሩ አለ። የመቀሱን ጥቅል ከትከሻው አውርዶ ፈታው። ስለቱን ያለበሰው ቅጠል፣ የትናንቱ፣ ከሌላ ግቢ ያመጣው፣ ነጥብ በነጥብ ነበር። በሽታውን እንደ ሕፃን ጠቅልሎ፣ አቅፎ፣ ከቤት ቤት ሲያዞረው ከርሟል። አንድ ጊዜ የችግኝ ጣቢያዋን ልጅ፣ አንድ ጊዜ መቀሱን ያወረሰውን ሽማግሌ አሰበ፤ ማንንም መውቀስ ግን አልቻለም፤ ተነግሮት ነበርና።

"ምንድነው?" አሉ ልብስ ሰፊው ከበሩ።

"ፀሐይ ነው፣ ጋሼ" አለ። "ሰሞኑን ፀሐዩ በርትቶበት ነው።"

ውሸቷ እንዴት ከአፉ እንደወጣች አያውቅም። አንዴ ከወጣች በኋላ ግን መመለሻ አጣች።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አባ ሲባጎ ሌላ ሰው ሆነ። ሠላሳ ዓመት ውሃ ያላየውን መቀስ በየጠዋቱ በበረኪና ይዘፈዝፈዋል። የሌላውን ሰው ግቢ ትቶ ቀኑን ሙሉ በልብስ ሰፊው አጥር ሥር ተንበርክኮ የረገፈ ቅጠል በጣቱ ይለቅማል። የታመመውን ቅርንጫፍ እየመረጠ ያወጣል፣ ከግቢው ውጭ ያቃጥላል። ልብስ ሰፊው፣ "የኔ ጣት ካንተ ዓይን ይሻላል" ብለው አጠገቡ ቁጭ አሉና አብረውት ይለቅሙ ጀመር። እውነትም ይሻላል። አንዲት ቅጠል አያመልጣቸውም። እየለቀሙ የድሮ ደንበኞቻቸውን ያሙለታል፤ የአንዱን ቦርጭ፣ የሌላውን ትከሻ። አባ ሲባጎ ደግሞ የሚስቀው ከጥርሱ ነው። አጠገቡ ያሉት ሽማግሌ እሱ ያመጣባቸውን በሽታ በባዶ እጃቸው ሲለቅሙለት ማየት አንጀቱን ይበላው ነበር።

ሚስቱ ነገሩን አውጣጥታ ሰማችው። "ሂድና ንገራቸው" አለችው። "አዋቂ ሰው ናቸው፣ ይገባቸዋል።"

"ይዳን ብቻ፣ ሲድን እነግራቸዋለሁ።"

"ባይድንስ?"

ኮቱን ለብሶ ወጣ።

አንድ እሑድ የልብስ ሰፊው ልጅ መጣች። የአጥሩን መሳሳት ስታይ ደነገጠች፣ ነገር ግን ጥሩ ሐሳብ ነበራት። "አባዬ፣ አንድ ብረት በያጅ አውቃለሁ" አለች። "ከደረጃው እስከ በሩ የቧንቧ መደገፊያ ያቆምልሃል። ሁለት ቀን አይፈጅም። ነገውኑ ላምጣው?"

ልብስ ሰፊው ፊታቸውን አባ ሲባጎ ወዳለበት አዞሩ። የት እንዳለ ሁልጊዜም ያውቃሉ።

"ይድናል ወይ?" አሉት።

እዚያ ላይ ነበር መናገር የነበረበት። አይድንም ቢል፣ ለምን የሚል ጥያቄ ይከተላል፤ ለምን ከተባለ መቀሱ ይመጣል። አሥራ ሰባት ዓመት ያከበሩት ሰው ፊት፣ ልጃቸው ፊት፣ እኔ ነኝ የገደልኩት ማለት ሊሆን ነው። ደግሞም ተስፋ ነበረው፤ ሁለት ሦስት ቦታ ላይ አዲስ ቀንበጥ አይቶ ነበር። ሰው ሲፈራ ቀንበጥም ይበቃዋል።

"ይድናል፣ ጋሼ" አለ።

"በቃ፣ ይድናል ብሏል" አሉ ልብስ ሰፊው ለልጃቸው። "ብረት ምን ያደርግልኛል? ብረት ይቀዘቅዛል።"

ልጅቷ አልተከራከረችም። አባ ሲባጎን አመነችው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ የሆነው በአሥር ቀን ውስጥ ነው። መታጠፊያው ላይ ያሉት ሦስት ድንኮች ሙሉ በሙሉ ሞቱ። ለቀሩት መተላለፊያ እንዳይሆኑ ብሎ አባ ሲባጎ አንድ ቀን ወደ ማምሻው ላይ ከነሥራቸው ነቀላቸው። ለልብስ ሰፊው አልነገራቸውም። ነቀልኩ ቢል ሞቱ ማለት ነው፤ ይድናል ካለ ደግሞ አሥር ቀኑ ነው። በማግሥቱ እሳቸው ከመውጣታቸው በፊት ከራሱ ደጅ ሦስት ጤነኛ ድንክ ነቅሎ አምጥቶ ክፍተቱን እደፍናለሁ ብሎ አሰበ። እሳቸው የሚወጡት ሁልጊዜ ከቁርስ በኋላ ነው።

በማግሥቱ ግን አንዲት ጎረቤት ወደ ሥራ ስትሄድ ማለዳ የውጭውን በር አንኳኳች። ያሰፋችውን ጉርድ ልታስዳስሳቸው ነው። ልብስ ሰፊው፣ "መጣሁ" ብለው ወረዱ። ግራ እጃቸውን ለቀቁ። ሃያ ሁለት እርምጃ ሄዱ። እጃቸው መታጠፊያውን ሲፈልግ አጥር የለም። መታጠፊያው ጋ ገና ያልደረሱ መስሏቸው አንድ እርምጃ ጨመሩ፣ ሌላ አንድ ጨመሩ፤ እግራቸው የታንከሩን የሲሚንቶ መቆሚያ መታ።

አባ ሲባጎ ሦስቱን ድንኮች በጆንያ አቅፎ ሲደርስ ጎረቤትየዋ መሬት ላይ ቁጭ ብላ የልብስ ሰፊውን ራስ ጭኗ ላይ አድርጋ ነበር። ግንባራቸው ተሰንጥቋል፣ የግራ እጃቸው አንጓ ተሰብሯል። ጆንያውን ጥሎ ሮጠ። ተሸክሞ መኪና ላይ አውጥቶ ሐኪም ቤት ያደረሳቸው እሱ ነው።

ልጃቸው አልጮኸችም፣ አልተቆጣችም። የአባቷን እጅ በጀሶ ታስሮ ስታይ እንባዋን ጠረገችና፣ "ቃል ሰጥተኸኛል፣ አባዬ" ብቻ አለች። ልብስ ሰፊው፣ "ሰጥቻለሁ" አሉ። አለቀ።

በሦስተኛው ቀን አባ ሲባጎ ሊጠይቃቸው ገባ። ሶፋ ላይ ጋደም ብለዋል። የቤቱ ዕቃ ግማሹ ታስሯል፤ ስፌት መኪናቸው በአንሶላ ተሸፍኗል። ወንበር ስቦ ተቀመጠ። እንዲህም አለ፦

"ጋሼ፣ ፀሐይ አልነበረም። እኔ ነኝ ያመጣሁት፣ በመቀሴ። ተነግሮኝ ነበር፣ አልሰማሁም።"

"አውቃለሁ" አሉት።

"እንዴት አወቁ?"

"በረኪና ሸተተኝ። ስንት ዓመት ሙሉ ብረት በውሃ አይነካም እያልክ ስትሰብከኝ ኖረህ፣ አንድ ቀን በረኪና በረኪና እየሸተትክ መጣህ። የሆነ ሰው የሆነ ነገር ነግሮሃል አልኩ በሆዴ።" ጀሶውን ዳሰሱ። "እሱ አልከፋኝም። ጥፋቱን የማይሸሽግ ሰው የት አለ? እኔም የሰው ሱሪ አሳጥሬ ሰፍቼ፣ ጨርቁ ነው የተኮማተረው ብያለሁ። ሲቀለው ይነግረኛል ብዬ ተውኩህ።"

አባ ሲባጎ ሊናገር አፉን ከፈተ፤ እሳቸው ግን ደህናውን እጃቸውን አነሱ።

"ይድናል ስትለኝ ግን አመንኩህ" አሉ። "ልጄ ብረቱን ላምጣ ስትል እምቢ ያልኳት በዚያ ነው። አይድንም ብትለኝ ኖሮ በማግሥቱ ይቆም ነበር፣ ዛሬም እዚያው ወንበሬ ላይ ነበርኩ። እኔ እኮ የማየው በሰው ቃል ነው። ሰማዩ ጠርቷል ሲሉኝ ጠርቷል፤ አጥሩ አለ ሲሉኝ አለ። ሌላ ምን አለኝ?"

ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ የለም። ቁጣ ቢኖርበት ይሻለው ነበር። አባ ሲባጎ እዚያው ተቀምጦ እንደ ልጅ አለቀሰ፤ እሳቸውም ተው አላሉትም።

የችግኝ ጣቢያዋ ባለሙያ መጥታ አየችው። የሚድን ነገር የለም፤ ሁሉም ተነቅሎ ይቃጠል፣ አፈሩም ላይ ለብዙ ዓመት ድንክ አይተከል አለች። አባ ሲባጎ ብቻውን ሁለት ቀን ሙሉ ነቀለ። የስድስት ዓመቱን ውድድርና የአሥራ አንድ ዓመቱን ዝምዝማት ከነሥሩ እያወጣ ከሰፈሩ ውጭ ባለ ባዶ ቦታ አቃጠለው። አፈሩን በጥርሳም መቧጠጫ አስተካከለው፤ ማስተካከሉ ምንም እንደማይጠቅም እያወቀ።

ልብስ ሰፊው የሚሄዱበት ቀን ደረሰ። ሻንጣዎቹ ቀድመው ተጭነዋል፣ መኪናው በሩ ላይ ቆሟል። ልጅቷ በቀኝ በኩል ክንዳቸውን ይዛ ደረጃውን አወረደቻቸው። አባ ሲባጎ ባርኔጣውን አውልቆ ጥግ ይዞ ቆሞ ነበር። እሳቸው ከደረጃው ሥር ሲደርሱ ቆሙና ፊታቸውን ወደ እሱ መለሱ።

"አለህ?"

"አለሁ፣ ጋሼ።"

"ከግራዬ ምን አለ?"

አባ ሲባጎ ወደ አፈሩ አየ። "ባዶ መሬት ነው፣ ጋሼ። ሁሉንም ነቅዬዋለሁ።"

"እስከ ታንከሩ?"

"እስከ በሩ ድረስ። አንድም አልቀረም።"

ልብስ ሰፊው ራሳቸውን ነቀነቁ። "ጥሩ ነው የነገርከኝ" አሉትና ልጃቸውን፣ "እንሂድ" አሏት።

ሄዱ። አባ ሲባጎ ከኋላቸው ያይ ነበር። ባዶ መሆኑን ገና አሁን ከራሱ አፍ ሰምተዋል፣ አምነውታልም። ግን በጀሶ የታሰረው ግራ እጃቸው ከጎናቸው ወረደ፣ አጥሩ በነበረበት ከፍታ ላይ ቆመ፣ ከጀሶው የወጡት ጣቶች አየሩን በቀስታ እየዳሰሱ ታንከሩ ጋ ታጠፉ፣ እስከ በሩም ድረስ እንደዚያው እየዳሰሱ ሄዱ።